2,147,483,647ን በወረቀት መመርመር፦ የአንድ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር ጠባይ ደረጃ በደረጃ

በ2030 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ፣ ታቦታቱ ገና ከባሕረ ጥምቀቱ ዳር ሳሉ፣ ጊዜን በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች) የሚቆጥሩ አሮጌ ኮምፒውተሮች ከመጨረሻ ቁጥራቸው ላይ ይደርሳሉ። እነዚህ መሣሪያዎች በእኛ ሰዓት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ሌሊት 9 ሰዓት ጀምሮ እያንዳንዱን ሰከንድ ሲደምሩ ኖረው በዚያች ቅጽበት 2,147,483,647 ይሞላሉ፤ ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር የሚይዙበት ቦታ ስለሌላቸው ቀጣዩ ሰከንድ ወደ 1894 ዓ.ም. ይመልሳቸዋል። የቀን መቁጠሪያው ጉዳይ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ሥራ ነውና ለእነሱ እንተወው። እኔ ይህን መመሪያ የምጽፈው ቁጥሩ ራሱ ሌላ ጠባይ ስላለው ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም። በታችኛው ክፍል በአማርኛ ስንማር «ብቸኛ ቁጥር»፣ ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ደግሞ «ፕራይም» የምንለው ዓይነት ነው።

በደብረ ማርቆስ ሒሳብ ሳስተምር ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ «ይህን ያህል የሚያክል ቁጥር ብቸኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? ማን ሞክሮ ጨረሰው?» የሚል ነው። ሁሉንም ሞክሮ የጨረሰ ሰው የለም፤ የቁጥሩ አሠራር ራሱ የትኛውን መሞከር እንደሚገባና የትኛውን ሳይነኩ ማለፍ እንደሚቻል ይናገራል። ከዚህ በታች ያለውን ሥራ ለመከተል የሚያስፈልገው ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስና የሁለት ምሽት ትዕግሥት ነው። ካልኩሌተር ለማረጋገጫ ብቻ ይቅረብ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ፣ እኔው ራሴ ከተዋረድኩበት ቦታ ስንደርስ እነግርዎታለሁ። የአውሮፓ ሊቃውንትን ዓመታት በእነሱ አቆጣጠር እንዳሉ እጽፋለሁ።

አንደኛ ደረጃ፦ ቁጥሩን ከሥሩ መሥራት

አንድን ትልቅ ቁጥር ለመመርመር ከመነሣት በፊት ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይገባል። ከ2 ይነሡና በየመስመሩ እጥፍ እያደረጉ ይውረዱ። 10ኛው መስመር ላይ 1,024፣ 20ኛው ላይ 1,048,576፣ 30ኛው ላይ 1,073,741,824፣ 31ኛው ላይ 2,147,483,648 ማግኘት አለብዎት። ከመጨረሻው 1 ሲቀነስ ቁጥራችን ይገኛል፤ ስለዚህ 2,147,483,647 ማለት 2³¹ − 1 ማለት ነው። እነዚህን 31 መስመሮች አይጣሏቸው፤ ኋላ ይፈለጋሉ።

2 በአንድ አርቢ ተራብቶ 1 ሲቀነስለት የሚገኙት ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በማሪን መርሴን ስም ይጠራሉ። አርቢው ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱም ብቸኛ አይሆንም፤ ለምሳሌ 15 የ3ና የ5 ብዜት ስለሆነ 2¹⁵ − 1 ማለትም 32,767 በ7ም በ31ም ይካፈላል። የተገላቢጦሹ ግን እውነት አይደለም። 11 ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ሳለ 2¹¹ − 1 ማለትም 2,047 የ23ና የ89 ብዜት ነው። ይህን 2,047 ያስታውሱት፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እየተመላለሰ የሚያስቸግረን እሱ ነው። መርሴን ራሱ በ1644 ባወጣው ዝርዝር 67ንና 257ን ያለ ቦታቸው አስገብቶ፣ 61ን፣ 89ንና 107ን ደግሞ ሳያያቸው አልፏል። 31 ግን ከዝርዝሩ ነበረ፤ ትክክልም ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ቀላሎቹን ማስወገድና ድንበሩን ማበጀት

የመጨረሻው አኃዝ 7 ስለሆነ በ2ም በ5ም አይካፈልም። አኃዞቹ ሲደመሩ 46 ይሆናሉ፤ 46 የ3 ብዜት ስላልሆነ በ3 አይካፈልም። በ7 ሲካፈል 1፣ በ11 ሲካፈል 1፣ በ13 ሲካፈል 10 ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

ድንበሩን በተመለከተ፣ ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ከዳግም ዘሩ መብለጥ አይችልም ነበር። 46,340 በራሱ ሲባዛ 2,147,395,600 ነው፤ 46,341 በራሱ ሲባዛ ደግሞ 2,147,488,281 ሆኖ ከቁጥራችን ያልፋል። ስለዚህ ከ46,340 በላይ መሞከር ከንቱ ድካም ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 4,792 ናቸው። በቀን 50 ማካፈል ቢሠሩ እንኳ ሥራው ሦስት ወር ከማለፉም በላይ፣ አንዷን ማካፈል ከተሳሳቱ ድካሙ ሁሉ መና ይቀራል። በዚህ መንገድ አንሄድም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መግደፍ

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ ሁሉ በአንድ ልማድ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ትልቁን ቁጥር ትቶ ቀሪውን ብቻ ይዞ መሥራት ነው። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች «ሞዱሎ» ይሉታል። የጎጃም የአብነት ተማሪ ግን ስሙን ሳይሰማ ሥራውን ያውቀዋል፤ የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዓመተ ዓለምን በ19 «ሲገድፉ» የሚያደርጉት ይህንኑ ነውና። የ2018 ዓ.ም.ን ሒሳብ እንውሰድ። በ5,500 ላይ 2,018 ሲጨመር 7,518 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ አንዱ ለዘመኑ ተብሎ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መምጣቱ ሥራው ትክክል ለመሆኑ ምስክር ነው።

ልብ ሊሉት የሚገባው ቁም ነገር፣ መግደፍ ከመደመርና ከማባዛት ጋር የማይጣላ መሆኑ ነው። አባዝቶ መግደፍም፣ ገድፎ ማባዛትም ወደ አንድ ቀሪ ያደርሳል። ስለዚህ ቁጥሩ እስኪያብጥ ሳንጠብቅ በየመሐሉ እየገደፍን መሄድ እንችላለን። ከአንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር ጋር ስለዚህ ስንጨዋወት ሦስት ጊዜ ያህል በቃላቸው ሲገድፉ ሰምቼ፣ እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ግማሽ ክፍለ ጊዜ የምፈጅበትን ነገር የኔታ በጣት አንጓቸው እንደሚጨርሱት አይቻለሁ።

አራተኛ ደረጃ፦ ኦይለር የሄደበት መንገድ

የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር የዓይኑን ብርሃን ከሞላ ጎደል ባጣበት ዘመን፣ በ1772፣ ይህ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ አሳውቋል። የተጠቀመበት ሐሳብ በትንሹ ምሳሌያችን በ2,047 ላይ ቢታይ ይቀላል።

የ2ን ርቢዎች በ23 እየገደፉ ይጻፉ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 9፣ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ 1። በ11ኛው እርምጃ 1 ላይ ደረስን፤ ከዚያ በኋላ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። 23 የ2¹¹ − 1 አካፋይ በመሆኑ 2¹¹ በ23 ሲገደፍ 1 መቅረቱ ግድ ነው። ፒየር ደ ፌርማ ደግሞ ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ሲወሰድ፣ የዚያ ቁጥር ብዜት ያልሆነ ቁጥር ሁሉ ከዚያው በአንድ ባነሰ አርቢ ተራብቶ ሲገደፍ 1 እንደሚቀረው አስተውሏል፤ ለምሳሌ 2⁶ ማለትም 64 በ7 ሲገደፍ 1 ይቀራል። እንግዲህ በ23 ስንገድፍ ዙሩ በ11ም በ22ም 1 ላይ ይደርሳል፤ 22ም የ11 ብዜት ነው።

ይህንኑ ወደ ቁጥራችን እናምጣው። አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³¹ − 1ን የሚያካፍል ቢኖር የ2 ዙር በእሱ ሲገደፍ በ31ኛው እርምጃ 1 ላይ ይወድቃል። 31 ብቸኛ ስለሆነ ከዚያ ያጠረ ዙር ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ከአካፋዩ 1 ሲቀነስ የሚገኘው የ31 ብዜት መሆን አለበት፤ አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነ ደግሞ የሚገኘው ሙሉ፣ ማለትም በ2 የሚካፈል፣ ቁጥር ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ የ62 ብዜት ይሆናል። በዚህ አንድ አንቀጽ ብቻ ከ62 ቁጥሮች 61ዱን ከሥራ አስወጣን።

ኦይለር ግን ሌላም ወንፊት ነበረው። 2³¹ ሲገደፍ 1 የሚቀር ከሆነ 2³² ሲገደፍ 2 ይቀራል፤ 2³² ደግሞ 2¹⁶ በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ስለዚህ በዚያ አካፋይ ሲገደፍ 2 ራሱ የአንድ ቁጥር ዳግም ርቢ ይሆናል። ይህ የሚሆነው በ8 ሲገደፉ 1 ወይም 7 በሚቀራቸው ብቸኛ ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው። ሁለቱን ወንፊቶች ደራርበን ስንነፋ የሚቀሩት በ248 ሲገደፉ 1 ወይም 63 የሚቀራቸው ብቻ ናቸው።

አሁን ይጻፏቸው፦ 63፣ 249፣ 311፣ 497፣ 559፣ 745፣ 807፣ 993፣ 1,055፣ 1,241፣ 1,303፣ 1,489 እያሉ እስከ 46,191 ይቀጥሉ። በጠቅላላው 373 ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ይሰረዛሉ፤ 249 የ3ና የ83፣ 497 የ7ና የ71፣ 559 የ13ና የ43፣ 1,241 የ17ና የ73 ብዜት ነው። ተሰርዘው ሲያልቁ የሚተርፉት ከመቶ አይሞሉም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ከእኔ ጋር ያስተያዩ። በ311 ሲካፈል ድርሻው 6,905,092፣ ቀሪው 35 ነው። በ1,303 ሲካፈል ድርሻው 1,648,107፣ ቀሪው 226 ነው። በ1,489 ሲካፈል ድርሻው 1,442,232፣ ቀሪው 199 ነው። አንዱም ያለ ቀሪ አልተካፈለም፤ የተቀሩትም አይካፈሉም። እነሱን ለመጨረስ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይበቃል። መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማ ብጀምረውም ኦይለር ሳያይ ከሠራው ሥራ ጋር ማስተያየቱ አሳፍሮኝ ቅሬታዬን ዋጥኩ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ከፌርማ ወጥመድ መራቅ

ቸኩሎ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ አቋራጭ ያገኘ ይመስለዋል። የፌርማ ሕግ ለብቸኛ ቁጥር ሁሉ የሚሠራ ከሆነ፣ 2ን ከቁጥሩ በአንድ ባነሰ አርቢ አራብቼ ብገድፍና 1 ቢቀር ቁጥሩ ብቸኛ ነው ልበል? አይባልም። በመርሴን ቁጥሮች ላይ ደግሞ ይህ ፈተና በ2 ከተሠራ ጨርሶ ዋጋ የለውም። 2¹¹ በ2,047 ሲገደፍ 1 ነው፤ 2,046 የ11 ብዜት ነው፤ ስለዚህ 2²⁰⁴⁶ም ሲገደፍ 1 ይቀራል፤ 2,047 ግን የ23ና የ89 ብዜት መሆኑን ቀድመን እናውቃለን። ሐሰተኛው ምስክር ፈተናውን አለፈ ማለት ነው። በ3 ቢፈተን ይጋለጣል፤ 3²⁰⁴⁶ በ2,047 ሲገደፍ የሚቀረው 1,013 ነው። የፌርማ ፈተና ውሸታሙን አጋልጦ ለማባረር ይጠቅማል፤ እውነተኛውን ለማጽደቅ ግን በቂ አይደለም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የሉካና የሌህመር ፈተና

የዚህ መመሪያ ዋናው ይህ ነው። ኤድዋርድ ሉካ በ1876 ባመጣው ሐሳብ ላይ ዴሪክ ሌህመር በ1930 ገደማ ማስተካከያ አድርጎ የዛሬ መልኩን አስያዘው። አሠራሩ ከማስረጃው እጅግ የቀለለ ነው። ከ4 ይነሣሉ፤ ያለውን ቁጥር በራሱ ያባዛሉ፤ 2 ይቀንሳሉ፤ በመርሴን ቁጥሩ ይገድፋሉ። ይህን ከአርቢው በ2 ያነሰ ጊዜ ይደጋግማሉ። በመጨረሻ 0 ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልመጣ አይደለም። እንደ ፌርማው ፈተና ሐሰተኛ ምስክር የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም።

መግደፉም ቢሆን በማካፈል የሚደክሙበት አይደለም። 9ን ለመግደፍ አኃዞችን እንደምንደምር ሁሉ፣ በ2³¹ − 1 ለመግደፍም ቁጥሩን በ2³¹ ከፍሎ ድርሻውንና ቀሪውን መደመር ይበቃል። በትንሹ በ127 ማለትም በ2⁷ − 1 እንለማመድ። አርቢው 7 ስለሆነ እርምጃዎቹ 5 ናቸው።

4 በራሱ ሲባዛ 16፣ 2 ሲቀነስ 14። ይህ የመጀመሪያው ነው።
14 በራሱ 196፣ 2 ሲቀነስ 194። በ128 ድርሻው 1፣ ቀሪው 66፤ ሲደመሩ 67።
67 በራሱ 4,489፣ 2 ሲቀነስ 4,487። ድርሻው 35፣ ቀሪው 7፤ ሲደመሩ 42።
42 በራሱ 1,764፣ 2 ሲቀነስ 1,762። ድርሻው 13፣ ቀሪው 98፤ ሲደመሩ 111።
111 በራሱ 12,321፣ 2 ሲቀነስ 12,319። ድርሻው 96፣ ቀሪው 31፤ ሲደመሩ 127፤ ይህም ሲገደፍ 0።

127 ብቸኛ ነው። አሁን ወደ ትልቁ እንለፍ። አርቢው 31 ስለሆነ እርምጃዎቹ 29 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አራት ገና ከቁጥራችን ስለማይበልጡ መግደፍ አይጠይቁም፦ 14፣ 194፣ 37,634፣ 1,416,317,954። ችግሩ አምስተኛው ላይ ይጀምራል።

የተዋረድኩበት ቦታ ይህ ነው። ፈተናውን ለተማሪዎች ለማሳየት አንድ ቀን ቀደም ብዬ በስልኬ ካልኩሌተር ሠርቼ መጣሁ። 1,416,317,954 በራሱ ሲባዛ 19 አኃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል፤ የስልኬ ካልኩሌተር ግን ፊተኞቹን አኃዞች ይዞ የኋለኞቹን በዜሮ ይሞላቸው ነበር። እኔም ሳላስተውል በተበላሸው ቁጥር እስከ 29ኛው እርምጃ ወረድኩ፤ 0 አልመጣም። ክፍል ገብቼ «ፈተናውን አላለፈም» ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እንግዲያስ ኦይለር ተሳስቷል ማለት ነው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ስመረምር ስሕተቱ በአንድ አኃዝ ይታወቅ ኖሯል፤ በ4 የሚጨርስ ቁጥር በራሱ ሲባዛ በ6 መጨረስ ነበረበት፤ የእኔ ግን በ0 ጨርሷል። እንግዲህ ቁጥሩ ከ15 አኃዝ ሲያልፍ ተራ ካልኩሌተርን አይመኑ። ፓይተን የመሰለ፣ ሙሉ ቁጥርን ሳያጎድል የሚይዝ የፕሮግራም ቋንቋ ካለዎት እሱ ይሻላል፤ ከሌለ ወረቀቱ አለ።

በወረቀት እንዲህ ይሠራል። በመጀመሪያ ቁጥሩን እናሳንሰው። 1,416,317,954ን ከ2,147,483,647 ብንቀንስ 731,165,693 ይቀራል፤ ሁለቱ በራሳቸው ሲባዙና ሲገደፉ ቀሪያቸው አንድ ስለሆነ በትንሹ መሥራት ይቻላል። ከዚያ ለሁለት ይክፈሉት፤ ግራው 731,165፣ ቀኙ 693 ይሁን። ግራው በራሱ ሲባዛ 534,602,257,225 ነው፤ ስድስት ዜሮ ይጨምሩበት። ግራና ቀኙ ተባዝተው እጥፍ ሲሆኑ 1,013,394,690 ነው፤ ሦስት ዜሮ ይጨምሩበት። ቀኙ በራሱ ሲባዛ 480,249 ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 534,603,270,620,170,249 ይመጣል። ከመቀጠልዎ በፊት 9ን በመግደፍ ያረጋግጡ፤ የ731,165,693 አኃዞች ድምር 41 ሆኖ ሲገደፍ 5 ይቀራል፤ 5 በራሱ 25፣ ሲገደፍ 7፤ የውጤቱም አኃዞች ድምር 61 ሆኖ ሲገደፍ 7 ነው። ተስማምቷል።

2 ይቀንሱና በ2,147,483,648 ያካፍሉ። ድርሻው 248,944,047፣ ቀሪው 420,726,791 ነው፤ ሲደመሩ 669,670,838። አምስተኛው እርምጃ ይህ ነው። የተቀሩት 24 እርምጃዎች በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ አንድ የደብተር ገጽ ገደማ ይወስዳል። በ27ኛው እርምጃ 1,181,536,708 ከመጣ ሥራዎ ትክክል ነው፤ በ28ኛው 65,536 ይመጣል።

እዚህ ላይ እርሳሱን አስቀምጠው ይዩት። 65,536 ማለት 2¹⁶ ነው። በራሱ ሲባዛ 2³² ይሆናል፤ 2³¹ ሲገደፍ 1 ስለሆነ 2³² ሲገደፍ 2 ነው፤ ከዚያ 2 ሲቀነስ 0። 29ኛው እርምጃ ማባዛት እንኳ ሳይጠይቅ በቃል ያልቃል። ከዚህም አንድ ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ይገኛል፤ በ28ኛው ላይ 65,536 ወይም ማሟያው (ከቁጥራችን ሲቀነስ የሚቀረው) 2,147,418,111 ካልሆነ በቀር ቀጣዩ ፈጽሞ 0 ሊሆን አይችልም። በ127ም ላይ ያየነው 111 የ16 ማሟያ ነበር፤ 16ም 2⁴ ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ብቸኛነቱ ከታወቀ በኋላ የሚታዩ ጠባያት

ከሁሉ የቆየው ጠባይ ከፍጹም ቁጥር ጋር ያለው ዝምድና ነው። 28 ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 7ና 14 ሲደመሩ ራሱን 28ን ይሰጣሉ። ዩክሊድ ብቸኛ የሆነ የመርሴን ቁጥር ከሥሩ ባለው የ2 ርቢ ሲባዛ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ፍጹም ቁጥር እንደሚወለድ አስረድቷል። የእኛ ቁጥር በ2³⁰ ሲባዛ 2,305,843,008,139,952,128 ይሆናል፤ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ይህ ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ወደፊትም አይገኝም ብሎ ጽፎ ነበር። ሉካ በ1876 በ2¹²⁷ − 1 አስተባበለው፤ ይህም 39 አኃዝ ያለው ቁጥር ያለ ኮምፒውተር ብቸኛነቱ የተረጋገጠ ነው።

ሁለተኛው ጠባይ በጎረቤቶቹ ይታያል። ከላዩ ያለው 2³¹ ከ2 በቀር ብቸኛ አካፋይ የለውም። ከታቹ ያለው 2,147,483,646 ግን ሲተነተን 2 × 3² × 7 × 11 × 31 × 151 × 331 ነው። ይህ ትንታኔ ለጌጥ አይደለም። የ2 ዙር በቁጥራችን ሲገደፍ በ31 እርምጃ ብቻ ያልቃል፤ የ7 ዙር ግን ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ቀሪዎች በሙሉ አንድ በአንድ ሳይዘል ጎብኝቶ ነው ወደ 1 የሚመለሰው። ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ቢሊዮን እርምጃ መራመድ አያስፈልግም፤ 2,147,483,646ን ከላይ ለተዘረዘሩት ሰባት ብቸኛ ቁጥሮች በየተራ አካፍሎ፣ 7ን በየድርሻው አራብቶ፣ አንዱም ሲገደፍ 1 አለመቅረቱን ማየት ይበቃል። ስቲቨን ፓርክና ኪት ሚለር በ1988 ለኮምፒውተር የዕጣ ቁጥር ማውጫ እንዲሆን ያቀረቡት ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ያለውን ቁጥር በ16,807 ማለትም በ7⁵ አባዝቶ በ2,147,483,647 መግደፍ ነው።

ሌላም አለ፤ በ4 ሲገደፍ 3 ስለሚቀር የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ሆኖ ሊጻፍ አይችልም። ለምሳሌ 13 የ4ና የ9 ድምር ነው፤ የእኛ ቁጥር እንዲህ ያለ ጥንድ የለውም።

ከዚህ በላይ መሄድ ለሚሻ

ይኸው የ4፣ የ14ና የ194 ፈተና እስካሁን ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁን ለማጽደቅ አገልግሏል። እሱም 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ነው፤ በጥቅምት 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ1996 በተመሠረተው ጂምፕስ በተባለ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ውስጥ በሉክ ዱራንት ተገኘ፤ 41,024,320 አኃዞች አሉት። አንድ ገጽ 1,000 አኃዝ ቢይዝ ከ41,000 ገጽ ያልፋል። የመጨረሻ አኃዙን ግን እዚሁ በቃል ማወቅ ይቻላል። የ2 ርቢዎች የመጨረሻ አኃዝ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ ይዞራል፤ አርቢው በ4 ሲገደፍ 1 ስለሚቀር የሚጨርሰው በ2 ነው፤ 1 ሲቀነስ 1። የእኛው 31 በ4 ሲገደፍ 3 ስለሚቀር 8፣ ከዚያ 7።

ለእጅ ማፍታቻ በ2¹³ − 1 ማለትም በ8,191 ይጀምሩ። እርምጃዎቹ 11 ናቸው፤ ሲገድፉ ድርሻና ቀሪ የሚያወጡት በ8,192 አካፍለው ነው። ሦስተኛው 4,870፣ አራተኛው 3,953 ይሆናል። ሰባተኛው ላይ 36 ይመጣል፤ ካልመጣ ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ማባዛቶች ውስጥ የተሳሳቱት አለና ወደ ኋላ ተመልሰው በ9 ይግደፉ። ዐሥረኛው 128 ነው። ያ ከተሳካ በኋላ 2²³ − 1ን ማለትም 8,388,607ን ይሞክሩ፤ 21 እርምጃ ሄደው 0 ባይመጣ አይደንግጡ፤ በ47 ያካፍሉት።